በዳሌያችሁ የተገጠመው ብረት ምን ዓይነት ነው?



በዚህ ወር የማነሣው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ወባ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ሕመም ብዙ ጊዜ ሲነገር ሰምታችኋል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ዳሌያቸው ተቀይሮ ብረት ስለተገጠመላቸው ሰዎችና ከዚያ ብረት እየተፋቀ ወደ ደም ስለሚገባው ነገር ነው። "ይህ የውጭ አገር ሰው ጉዳይ ነው፤ ለደብረ ወርቅ ምኗ ነው?" የሚል አይጠፋም። ለእርሱ የምሰጠው መልስ አለኝ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ከሆነ፣ የተገጠመላቸው ዕቃ ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራውና መቼ እንደገባ የሚገልጽ ወረቀት ቤታችሁ ውስጥ አለ?

ብዙ ቤተሰብ የለውም። ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጡ ሽማግሌዎችን ስጠይቅ የማገኘው መልስ "ብረት አስገብተውልኛል" የሚል ብቻ ነው። አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ታክመው የመጡ ናቸው። አንዳንዶቹን ልጆቻቸው ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ሕንድ ወይም ወደ አውሮፓ ወስደው አሳክመዋቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ጉልበታቸውን በሰው አገር ጨርሰው፣ እዚያው ታክመው፣ ለእርጅናቸው ወደ ወገናቸው የተመለሱ ናቸው። የቤት ካርታቸውንና የባንክ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ የዳሌያቸው ወረቀት ግን የለም። እኔ የማምነው ይህ ወረቀት ራሱ የሕክምናው አካል መሆኑን ነው። ያለ እርሱ የትኛው ሰው ደሙን መለካት እንዳለበት፣ የትኛውስ በከንቱ እንደሚሰጋ መለየት አይቻልም።

ዳሌ ሲቀየር ምን ይገባል?

እንደሚታወቀው የዳሌ መገጣጠሚያ የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ የሚሽከረከርበት ቦታ ነው። ይህ መገጣጠሚያ በአርትራይትስ ሲበላ፣ አሮጊት እናት ወድቀው የጭናቸው አንገት ሲሰበር፣ ወይም ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ተቋርጦ አጥንቱ ሲሞት ሐኪሞች መገጣጠሚያውን በሰው ሠራሽ ይተካሉ። እግረ መንገዴን ልናገርና፣ አጥንቱን ከሚያሞቱት ነገሮች አንዱ እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉትን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ መዋጥ ነው። "ለማወፈሪያ" እያሉ የሚወስዱ እኅቶች ይህን ይስሙ።

የዛሬውን የዳሌ ቅየራ መሠረት የጣሉት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆን ቻርንሊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 በራይቲንግተን ሆስፒታል የብረት ራስ በጠንካራ ፕላስቲክ ጽዋ ውስጥ እንዲዞር አድርገው ገጠሙ። ከዚያ ወዲህ የተለያዩ ዓይነቶች መጥተዋል። ራሱ ከብረት ጽዋው ከፕላስቲክ የሆነ አለ፤ ራሱ ከሴራሚክ ጽዋው ከፕላስቲክ የሆነ አለ፤ ሁለቱም ከሴራሚክ የሆኑ አሉ፤ ሁለቱም ከብረት የሆኑም አሉ። የዛሬው ጉዳያችን በዋናነት ይህ የመጨረሻው፣ ማለትም ብረት በብረት ላይ የሚፈጨው ነው።

"ብረት" እንበለው እንጂ እንደ ማረሻ ያለ ተራ ብረት አይደለም። ኮባልትና ክሮሚየም የተባሉ ማዕድናት ተዋህደው የሚሠራ ቅይጥ ነው። ሰውየው በተራመደ ቁጥር ሁለቱ ብረቶች ይፋተጋሉ። በዓይን የማይታይ ብናኝ ይወጣል፤ ከብናኙም ላይ በኬሚስትሪ ቋንቋ አዮን የሚባሉት የኮባልትና የክሮሚየም ቅንጣቶች ይሟሙና በደም ይዘዋወራሉ። መገጣጠሚያው በደንብ ከተገጠመና በደንብ ከሠራ የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነው። ጽዋው ተጣሞ ከተገጠመ፣ ወይም ከመጀመሪያው የዕቃው አሠራር ጉድለት ካለበት ግን ፍቅፋቂው ይበዛል። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለው ሥጋ ይቆጣል፤ ፈሳሽ ይቋጥራል፤ ዕጢ የሚመስል እብጠት ይፈጠራል፤ ጡንቻና አጥንት ይበላል። ደም ውስጥ የገባው ደግሞ ወደ ልብ፣ ወደ ነርቭና ወደ ሌሎች ብልቶች ይደርሳል።

ዓለምን ያስተማረው ስህተት

ፕላስቲኩ ከጊዜ ብዛት ስለሚያልቅ፣ በተለይ ገና ጉልበት ላላቸው ታማሚዎች ብረት በብረት ይሻላል የሚል ተስፋ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምዕራቡ ዓለም በርትቶ ነበር። በዚያ ተስፋ ላይ ከመጡት ዕቃዎች አንዱ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን አካል የሆነው ዴፑይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ገበያ ላይ ያዋለው ኤ.ኤስ.አር. የተባለው ዳሌ ነበር። በዓለም ዙሪያ ወደ 93,000 የሚጠጋ ተገጥሟል።

ችግሩን አስቀድሞ ያየው ማን ነበር ብትሉ፣ የአውስትራሊያ ብሔራዊ የመገጣጠሚያ መዝገብ ነው። አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የተገጠመውን እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ከነዓይነቱ መመዝገብ ጀምረው ስለነበር፣ ይኸኛው ዳሌ ከሌሎቹ በበለጠ እንደገና እየተከፈተ እንደሚወጣ ከመዝገቡ ላይ አነበቡ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ዕቃው ከአውስትራሊያ ገበያ ወጣ። በነሐሴ 2010 ኩባንያው ከመላው ዓለም ሰበሰበው። ያን ጊዜ የእንግሊዝ መዝገብ ያሳየው ቁጥር፣ ይህ ዳሌ ከተገጠመላቸው 100 ሰዎች መካከል 12 ወይም 13 የሚሆኑት በ5 ዓመት ውስጥ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና እንዳስፈለጋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኩባንያው በአሜሪካ ለሺዎች ታማሚዎች ወደ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብረት በብረት የሆኑ ሙሉ ዳሌዎች ጥብቅ የቅድመ ገበያ ፈቃድ ሳያገኙ እንዳይሸጡ ወሰነ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ትልቅ ነው። ጉድለቱን ያጋለጠው መዝገብ ነው። ያልተጻፈ ነገር አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ደግሞ አይታይም። እኛ ሙስሊሞች ይህ ሊከብደን አይገባም፤ በቅዱስ ቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ ዕዳና ውል በጽሑፍ እንዲያዝ የሚያዝዘው መሆኑን በመድረሳ የቀራ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ለመቶ ብር ዕዳ ወረቀትና ምስክር ከተፈለገ፣ ዕድሜ ልክ በሰውነት ውስጥ ለሚኖር ዕቃ እንዴት አይፈለግ?

ኮባልት በመድኃኒት ቤት ሰው ዓይን

ኮባልት ሙሉ በሙሉ ባዕድ ነገር አይደለም። በሥጋ፣ በእንቁላልና በወተት የምናገኘው ቫይታሚን ቢ12 በውስጡ ኮባልት አለው፤ ያለ እርሱም ደም በትክክል አይሠራም። ነገር ግን ሰውነት የሚፈልገው እጅግ ኢምንት ነው። ባለፈው ምዕተ ዓመት ኮባልት ክሎራይድ የተባለው ጨው ለደም ማነስ መድኃኒትነት ይሰጥ ነበር፤ የታይሮይድ ዕጢን እያሳበጠና ሥራውን እያዳከመ፣ መስማትንም እየጎዳ ስላስቸገረ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1965 እና 1966 ደግሞ በካናዳ ኩቤክ ከተማ አንድ የቢራ ፋብሪካ አረፋው እንዲቆይ ብሎ ኮባልት ይጨምር ነበርና፣ አብዝተው ይጠጡ ከነበሩት መካከል 48 ሰዎች በልብ ጡንቻ ድካም ታመሙ፤ 20ዎቹ ሞቱ።

ከዳሌ የሚወጣው ኮባልት ሲበዛ የሚያመጣው ጉዳት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የጆሮ ጩኸትና መስማት መቀነስ፣ የዓይን ብዥታ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የመርሳት ችግር፣ የታይሮይድ መድከም፣ የልብ ድካም ናቸው። በአሜሪካ አላስካ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪም የሆኑት ስቲቨን ታወር ለራሳቸው ዳሌ የተገጠመላቸው ይኸው ብረት በብረት ነበር። ጆሯቸው ይጮህ ጀመር፤ ልባቸውም ታወከ። ደማቸው ሲለካ ኮባልቱ በሊትር ከ100 ማይክሮግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። ብረቱ ከወጣላቸው በኋላ ኮባልቱ ወረደ፤ እርሳቸውም ታሪካቸውን በሕክምና መጽሔት ላይ ለባልደረቦቻቸው አሳተሙ። እንዲህ ያለ ከባድ መመረዝ የሚደርስባቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። ችግሩ ግን ምልክቶቹ ሁሉ የእርጅና ምልክቶች መምሰላቸው ነው። የሰባ ዓመት አዛውንት ጆሯቸው ቢደነግዝ፣ ቢረሱ፣ ሲራመዱ ቢደክማቸው "ዕድሜ ነው" ብሎ ከማለፍ ሌላ ማን ዳሌያቸውን ይጠረጥራል? ዳሌያቸው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ሊጠረጥር የሚችለው።

ማን ይለካ? ቁጥሩስ ምን ይነግረናል?

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳይቀላቀልባችሁ አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ በሰውነቱ ብረት ያለበት ሰው ሁሉ ይህ ምርመራ አያስፈልገውም። በመኪና አደጋ ወይም ከበቅሎ ወድቆ ጭኑ የተሰበረ ወጣት በአጥንቱ ውስጥ የሚገባለት ዘንግ፣ ለምሳሌ በአገራችን ሆስፒታሎች የሚታወቀው ሳይን የተባለው፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው። ዘንግም ሆነ በብሎን የሚታሰር ሳህን፣ ብረት በብረት ላይ የሚሽከረከርበት መገጣጠሚያ አይደለም። ራሱ ብረት ጽዋው ፕላስቲክ የሆነ ዳሌ ያለውም ሰው ስጋቱ በጣም ያነሰ ነው፤ ሆኖም ራሱና ግንዱ በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ብረቱ ሊፋቅ ስለሚችል ያለ ምክንያት ሕመም ከጀመረው መታየት አለበት።

ሁለተኛ፣ የበለጠ ሊጠየቁ የሚገባቸው እ.ኤ.አ. ከ1997 ገደማ እስከ 2010ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1989 እስከ 2004 ዓ.ም. አካባቢ ባሉት ዓመታት ውጭ አገር ዳሌያቸው የተቀየረ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ያን ጊዜ ገና ወጣት ወይም ጎልማሳ የነበሩት ይበልጥ ይመለከታቸዋል፤ ብረት በብረቱ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል ተብሎ ለእነርሱ ይመረጥ ነበርና።

ልኬቱ የሚነገረው በማይክሮግራም በሊትር ነው። አንድ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በሰውነቱ ውስጥ ብረት የሌለበት ሰው ኮባልቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በታች ነው። የእንግሊዝ የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ማስጠንቀቂያ 7 ማይክሮግራም በሊትርን የማንቂያ መስመር አደረገው። ከዚያ በላይ የተገኘ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ዳግመኛ እንዲለካ፣ መገጣጠሚያውም በልዩ ኤም.አር.አይ. ወይም በአልትራሳውንድ እንዲታይ ይመክራል።

ይህ 7 ቁጥር ግን ፍርድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት እንዳሳየው፣ ዳሌያቸው ከተበላሸባቸው ሰዎች መካከል በዚህ መስመር የሚያዙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሕመሙ ካለ "ደሜ ደህና ነው" ብሎ መተኛት አይገባም፤ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ሰውየው ደህና ከሆነም ነገውኑ ይከፈት ማለት አይደለም። የአሜሪካው መሥሪያ ቤትም ምንም ምልክት የሌለበትን ሰው ሁሉ በየጊዜው ደሙን መለካት የግድ ነው አይልም። ሕመሙ፣ ራጁና የደም ልኬቱ አንድ ላይ ተነብበው ነው ሐኪም የሚወስነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት የናሙናው አወሳሰድ ነው። የምንፈልገው ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከመርፌው ወይም ከብልቃጡ የሚመጣ ኢምንት ብረት ውጤቱን ያበላሸዋል። ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ንጹሕ ብልቃጥ ይወሰዳል፤ መጀመሪያ የሚቀዳው ደምም ለዚህ ልኬት አይውልም። ናሙናው ከሙሉ ደም ይሁን ከሴረም፣ መለኪያውስ በምን አሃድ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ሁለት ጊዜ ስትለኩ በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪ ይሁን፤ ካልሆነ ቁጥሮቹን ማወዳደር ያስቸግራል።

"የእኛ ችግር ይህ ነው ወይ?"

አሁን መጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ መልስ ልስጥ። "አንሶላ በሌለበት፣ መንገድ አንድ ሳምንት ክፍት ሆኖ አንድ ሳምንት በሚዘጋበት አገር፣ የአንድን ሰው ኮባልት እንለካ ማለት ቅንጦት ነው" የሚለኝ ሰው አንድ እውነት ይዟል። የልኬቱ መሣሪያ ውድ ነው፤ ደብረ ወርቅ ላይ ይተከል አልልም። ቅድሚያ ለእናቶች ወሊድና ለሕፃናት ክትባት መሰጠቱም ተገቢ ነው።

ነገር ግን እኔ የምጠይቀው አብዛኛው ነገር ገንዘብ አይፈልግም። ወረቀት መጠየቅ ገንዘብ አይፈልግም። "ዳሌዎን መቼ፣ የት፣ በምን ቀየሩ?" ብሎ በካርዱ ላይ መጻፍ ገንዘብ አይፈልግም። ራጅና የኩላሊት ምርመራ በአካባቢያችን ሊገኙ የሚችሉ ናቸው። ይህን ካደረግን በኋላ በእርግጥ የደም ልኬት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ይሆናሉ፤ ለእነርሱም ናሙናው ወደሚለካበት አገር ይላካል፣ ወይም ልጆቻቸው ውጭ ካሉ እነርሱ ዘንድ በሄዱበት ጊዜ ይለካሉ። ማላዊ ከእኛ የማትሻል ድሃ አገር ናት፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የተቀየሩ መገጣጠሚያዎችን በብሔራዊ መዝገብ መያዝ ጀምራለች። ስለዚህ "ድሃ ነን" የሚለው ምክንያት ላለመለካት ይሆን እንደሆነ እንጂ ላለመጻፍ አይሆንም።

ሕመም ማስታገሻውና ኩላሊቱ

እንደ መድኃኒት ቤት ሰው ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው። ዳሌው የሚያመው ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ እኛ ነው። ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። ያስታግሰዋል፤ ሲያልቅ ተመልሶ ይገዛል። እንዲህ እያለ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይሄዳል።

ይህ አካሄድ በሁለት በኩል ይጎዳል። በአንድ በኩል ሕመሙ ሲታፈን መገጣጠሚያው ውስጥ እየተፋቀ ያለው ነገር ሳይታወቅ ይቆያል። ዳሌ የተቀየረለት ሰው ዓመታት በሰላም ከሄደ በኋላ እንደገና በብሽሽቱ ወይም በጭኑ ሕመም ከጀመረው፣ ያ ሕመም መልእክት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ኮባልት ከሰውነት በዋናነት የሚወጣው በሽንት፣ በኩላሊት በኩል ነው። እነዚህ ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ በተለይ እንደ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ከሚወስዱ አዛውንቶች ላይ። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ሲውሉም አደጋው ይጨምራል። ኩላሊቱ ሲደክም የመውጫው በር ይጠባል፤ የሚገባው ግን አልቆመም። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ደሙ ውስጥ ብረቱ ይጠራቀማል።

ስለዚህ እናንተ ማስታገሻ ልትገዙ ስትመጡ "ዳሌዬ ተቀይሯል" ብላችሁ ንገሩን። የሥራ ባልደረቦቼ የሆናችሁ ደግሞ ሳትጠይቁ አትሽጡ። ለጊዜው ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል፤ ሕመሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን መልሱ ሌላ ክኒን ሳይሆን ራጅ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ሌሎች ሦስት ነገሮችን ልጨምር። የተቀየረ ዳሌን ወጌሻ አይነካው። የወጌሻ እጅ ለስንቱ ወለምታ መድኃኒት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ግን ቢጎተት ከቦታው ይወጣል። ጥቁር አዝሙድና ማር መልካም ምግቦች ናቸው፤ በብረት ላይ የሚፈጭ ብረትን ግን አያቆሙም። ሒጃማም (ዋግምት) ምንጩ እየፈሰሰ እያለ ደምን ከኮባልት አያጠራም። ብረቱ ጎጂ ሆኖ ከተገኘ መፍትሔው መገጣጠሚያውን በሌላ ዓይነት መቀየር ነው፤ ይህንንም ያየ ሐኪም ይወስናል።

ሶላት፣ ሐጅና የዕለት ኑሮ

አንዳንድ አባቶች ዳሌያቸው ከተቀየረ በኋላም ሱጁድ ካልወረድኩ ሶላቴ አልሞላም ብለው ይጨነቃሉ። ቁሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ተቀምጦ ያልቻለ ተጋድሞ እንዲሰግድ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማግራታቸው የታወቀ ነው። ስለ ዝርዝሩ ዑለሞቻችንን ጠይቁ፤ እኔ የምነግራችሁ የጤናውን ነው። ሐኪሙ ጎንበስ አትበሉ ባለባቸው የመጀመሪያ ወራት በወንበር ላይ መስገድ መገጣጠሚያው ከቦታው እንዳይወጣ ይጠብቃል። በዝቅተኛ በርጩማ ላይ መቀመጥና መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለትም እንዲሁ ነው፤ ልጆች ለወላጆቻቸው ከፍ ያለ መቀመጫ ያሠሩላቸው። ከዚያ በኋላ ምን ያህል መታጠፍ እንደሚቻል የሚወሰነው በተገጠመው ዕቃና በቀዶ ሕክምናው ዓይነት ነው። ይኸው እንደገና ወረቀቱ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ለሐጅ ወይም ለዑምራ የምትዘጋጁ ዳሌያችሁ የተቀየረ ወገኖቼ፣ ጉዞው ብዙ እግር የሚያስኬድ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ራጅ ተነሡ፣ ኩላሊታችሁን አስመርምሩ። የዳሌያችሁን ካርድ ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙ፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻው ሲጮህ ይጠቅማችኋል፤ እዚያ ብትታመሙም ለሚያክማችሁ ሐኪም ይናገርላችኋል።

ማን ምን ያድርግ?

ልጆች ሆይ፣ በተለይ በውጭ አገር ያላችሁ፣ ወላጆቻችሁ የታከሙበትን ሆስፒታል ጠይቃችሁ የዕቃውን ስም፣ የአምራቹን ስም፣ የተለጣፊውን ቁጥርና ቀዶ ሕክምናው የተደረገበትን ቀን አስልኩ። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በዕቃው ማሸጊያ ላይ ያለ ተለጣፊ በታማሚው ማኅደር ላይ ይለጠፋል፤ ፎቶውን በስልክ መላክ ቀላል ነው። ሆስፒታሎች የቆየ ማኅደር ለዘላለም አያስቀምጡምና ዛሬ ጠይቁ። ገንዘብ ከመላክ ባልተናነሰ ይህ ለወላጅ መልካም መዋል ነው።

ወረቀቱ ፈጽሞ ካልተገኘ ተስፋ አትቁረጡ። ራጅ ተነሥታችሁ በደብረ ማርቆስ፣ ወይም በባሕር ዳር በጥበበ ግዮንና በፈለገ ሕይወት ሆስፒታሎች ለአጥንት ሐኪም አሳዩ። ልምድ ያለው ሐኪም ከራጁ ላይ የዕቃውን ዓይነት ብዙ ጊዜ ሊለየው ይችላል።

ሆስፒታሎቻችንና ሐኪሞቻችን ደግሞ ዳሌ የቀየራችሁለትን ሰው ያለ ካርድ አታሰናብቱ። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን ገባ፣ መቼ ገባ፣ መቼ ተመልሶ ይምጣ፣ ምን ምልክት ሲያይ ይፍጠን። የሕክምና ዕቃዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን ያለው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም የተገጠሙ መገጣጠሚያዎችን የሚይዝ፣ ሆስፒታሎች ሁሉ የሚጽፉበት መዝገብ እንዲኖር ቢያስተባብር ምኞቴ ነው። አንድ ዕቃ ከዓለም ገበያ ሲሰበሰብ በየትኛው ቀበሌ በማን ዳሌ ውስጥ እንዳለ ማወቅ የምንችለው በዚህ ብቻ ነው።

የመስጊድ ጀመዓዎችም ድርሻ አላችሁ። ከጁሙዓ በኋላ በወንበር ላይ የሚሰግዱ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን "ዳሌዎ ተቀይሮ ነው? ወረቀቱ አለዎት?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ለምርመራ መሄጃ ላጣ አዛውንት የጉዞ ወጪ ማዋጣት ትልቅ ሶደቃ ነው።

ሰውነታችን አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠን አማና ነው። በውስጡ የሰው እጅ የሠራው ዕቃ ሲገባበት ደግሞ አማናው እጥፍ ይሆናል። ዕቃው ብዙዎችን ከአልጋ አንሥቶ በእግራቸው መስጊድ ያደረሰ ትልቅ ጸጋ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ጸጋን መጠበቅ ግን ምን እንደሆነ ከማወቅ ይጀምራል። ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ ሣጥኑን ከፍታችሁ ወረቀቱን ፈልጉ። ካገኛችሁት ፎቶ አንሡትና ለአንድ ልጃችሁ ላኩ፤ ካላገኛችሁት ነገ መጠየቅ ጀምሩ።

አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።